ሆዴ ነው ያልኩት ሕመም

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር፤ እሱን ካልተናገርኩ የቀረው አይገባችሁም። እኔ የሌላ ሰው ጭንቀት ሰምቼ ደመወዝ የምበላ ሴት ነኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ክፍልን እመራለሁ። ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ጠባብ ቢሮዎች፣ መተላለፊያው ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ እኔና ቢፍቱ የምትባል ወጣት ባልደረባዬ፣ እንዲሁም በፈቃደኝነት የሚያግዙን ጥቂት ተማሪዎች ነን። ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ የፈተና ውጤት አይቶ ሰማይ ሲደፋበት፣ ፍቅረኛዋ የተዋት ልጅ ምግብ አልወርድ ሲላት እኛ ጋ ይመጣሉ። ቶሎ ግን አይገቡም። አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚያውቃቸው ሰው ሲያልፍ ስልክ የሚያወሩ መስለው ተነስተው ይሄዳሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ።

ይህን የምጽፈው ግን ባለሙያ ሆኜ ልመክራችሁ አይደለም። ምክር በሥራ ሰዓት እሰጣለሁ፤ ይበቃል። የምጽፈው ታማሚ ሆኜ ነው። እንደኔ ሆዱን ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚንከራተት ሰው ካለ መንገዱ ትንሽ እንዲያጥርለት ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ሲገባ ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከዶርሟ ወጥታ ጠፋች። ስልኳ ዝግ ነው። የዶርም ጓደኛዋ እያለቀሰች መጥታ፣ ልጅቷ ወደ እንጦጦ በሚወጣ ታክሲ ስትሳፈር የክፍላቸው ልጅ እንዳያት ነገረችን። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ እኔ ጋ ስትመጣ ከርማ በዚያ ሳምንት ቀጠሮዋን ቀርታ ነበር። እኔና ቢፍቱ ምሳችንን እንደቀረበ ትተን ወጣን።

ዝናብ ነበር። የፓርኩ በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ፎቶዋን በስልክ አይተው አላየናትም አሉ። ከመንገዱ ወጥተን ባሕር ዛፉ መሃል ገባን። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ቢፍቱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ስሟን እየጠራን ስንሄድ፣ ዝም ያለ ጫካ ውስጥ የሰው ስም መጥራት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅኩ። መልስ ባጣሁ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሁለቴ የወደቀ ግንድ አይቼ ሰው መስሎኝ ሮጫለሁ። በመጨረሻ ያገኘናት ኪዳነ ምሕረት፣ ጸበልተኞች የሚያርፉበት መጠለያ ውስጥ ነው። አንዲት የማያውቋት እናት ጋቢ አልብሰዋት፣ ዳቦ አስይዘዋት ተቀምጣለች። «ይቅርታ ቲቸር፣ አስቸገርኳችሁ» አለችኝ። አቅፌ ይዤአት ወረድኩ። ዛሬ ታክማ ድናለች፤ ትምህርቷንም ቀጥላለች።

እሷ ተገኘች፤ እኔ ግን መፈለጌን አላቆምኩም። ያን ምሽት ለደረጀ ነገርኩት። ደረጀ ባለቤቴ ነው፤ መገናኛ አካባቢ ጋራዥ አለው፤ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። «ተመስገን በይ፣ ተገኘች አይደል» አለኝ። ተመስገን አልኩ። እራት ቀርቦ የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ድካም ነው ብዬ ተኛሁ።

ድካሙ ግን በበነጋውም በሳምንቱም አብሮኝ ነቃ። ከእምብርቴ በላይ የሆነ ነገር ሲላወስ ይውላል። ስልክ ሲጮህ ልቤ ይዘላል፤ የማላውቀው ቁጥር ከሆነማ ሌላ ልጅ ጠፋች ሊሉኝ ነው እላለሁ። ሳይነጋ እነቃለሁ። ቤታችን ቀበና ነው፤ ከወንዙ በኩል ጅብ ሲጮህ ይሰማል። ደረጀ ያንኮራፋል፤ እኔ ጣሪያውን እያየሁ የተማሪዎቼን ስም በልቤ እቆጥራለሁ፤ ማን ቀጠሮ ቀረ፣ ማን ዝም አለ። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። በኛ ሰፈር ደግሞ ሴት ስትከሳ ይመሰገናል እንጂ አይታዘንላትም። «ጂም ጀመርሽ እንዴ? አምሮብሻል» ይሉኛል። እየሞትኩ አማረብኝ። ስቄ አልፋለሁ።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ምንዎን ነው የሚያምዎት አለኝ። ሆዴን አልኩት። አልዋሸሁም። በኛ ቋንቋ ሆድ የማይሸከመው ነገር የለም፤ ሰው ሆድ ይብሰዋል፣ ሆዱ ይባባል፣ ሆዱን ባር ባር ይለዋል፣ ከባድ ነገር ሲገጥመው ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይውጠዋል። ሐኪሙ ግን ከነዚህ ሁሉ ሆዶች አንዱን ነው የተማረው፤ ደምና ሰገራ አዘዘ። ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘ። አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይገኝበት የወጣ ሰው ካለ አሳዩኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ባሰብኝ።

ቀጥሎ የሄድኩበት ቦታ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው አሉኝ። ተደራርቦ የሚዋጥ የኪኒን መዓት ተሰጠኝ፤ በርበሬና ቡና ተከለከልኩ። ጎረቤት ተልባ ይዛ መጣች፤ የደረጀ እህት ማር ከነጭ ሽንኩርት ጋር በባዶ ሆድ አለች፤ የጋራዡ ሠራተኞች ሳይቀሩ በደረጀ በኩል መድኃኒት ላኩልኝ። ሁሉም ጨጓራ ነበረበት፣ ሁሉም ድኗል። እኔ ብቻ የማይድን ጨጓራ ያዝኩ። ደረጀ ስለ ወጪው አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰም፤ ለጋራዡ ሊገዛው ያሰበውን መሣሪያ ግን ወሬውንም ተወው።

በእነዚያ ወራት ያልተቀመጥኩበት የተራ መጠበቂያ የለም። ሁሉም ጋ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ፤ ሁሉም ጋ ተራዬን ዘለላችሁ ብሎ የሚጣላ ሰው አለ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ምንም ሳይጠይቁኝ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። በላሁት። በዚያ ሳምንት ሳልታገል የዋጥኩት ምግብ እሱ ብቻ ነበር። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ የታክሲው ቀን መጣ። ከመገናኛ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ምንም ባልሆነበት፣ ማንም ባልተናገረኝ ሰዓት ትንፋሼ አጠረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ መታ፤ ዓይኔ ፊት ነገሩ ሁሉ ራቀ። ሞቴ ነው አልኩ። ወራጅ አለ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ጎኔ የነበረችው ሴት አይታኝ መስኮት ክፈቱላት ብላ ጮኸች። የአዲስ አበባን ታክሲ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ታፍኖ ይሞታል እንጂ ንፋስ ይመታኛል ብሎ መስኮት አያስከፍትም። ያን ቀን ግን ከፊትም ከኋላም ሁሉም ተከፈተ። ሾፌሩ መስመሩን ትቶ ድንገተኛ ክፍል በር ድረስ አደረሰኝ። የልብ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ልብዎ ፍጹም ደህና ነው አለኝ። ደህና ነሽ መባል እንደዚያ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም። ደህና ከሆንኩ ይሄ ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ እየከረረ ሄደ። ልጃችን ሊዲያ ስልኬ ሳይጮህ ድምፁን ታጠፋዋለች፤ በእግሯ ጣት ነው የምትራመደው። ደረጀ በልቡ ካንሰር ነው ብሎ ወስኖ ኖሯል፤ ያን አልነገረኝም፤ እኔም ያለብኝን አልነገርኩትም። ሁለታችንም ዝም ብለን እንቆጣለን። አንድ ጊዜ ብቻ እሱ ፈነዳ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ችግር ስትሰሚ ትውያለሽ፣ እቤት ስትገቢ ግን አፍሽ ይዘጋል፣ እኔ ተማሪ ብሆን ነበር የሚሻለኝ አለ።  በዚያን ጊዜ በሐሳቤ የሚመላለሰውን ብነግረው ቤታችን የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ግልጹን ልናገር፦ አለመኖርን መመኘት ጀምሬ ነበር። ለተማሪ ሁሉ የምጠይቀውን ጥያቄ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ ነበር።

በመጨረሻ ኢንዶስኮፒ ታዘዘልኝ፤ በጉሮሮ የሚገባ ካሜራ ነው፤ ጨጓራን ከውስጥ ያሳያል። ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጨርሶ እጁን ታጠበና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጨጓራዬ ንጹሕ ነው አለኝ። እኔ ግን ያመኛል እኮ አልኩት። ወንበሩን አስጠግቶ ጠየቀኝ።

«የትኛው ሆድ ነው የሚያምዎት? እህል የሚገባበት ነው ወይስ ነገር የሚገባበት?»

ሥራዬን ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀኝ። ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። ሐኪሞችም እኮ ራሳቸውን ሲያክሙ ይሳሳታሉ አለና የአእምሮ ሐኪም እንዳይ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከመስታወቴ ሥር ደበቅኩት። እንደዚያ ያለ ወረቀት ለስንት ልጅ ጽፌያለሁ፣ ስንቱን ልጅ ምን ያሳፍርሃል ብያለሁ። የራሴን ይዤ ስወጣ ግን አፈርኩ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ይህ ከታወቀ ያን አግዳሚ ወንበር ደፍሮ የሚቀመጥበት ተማሪ አይኖርም። ራሷን ያላዳነች ሴት ምን ልታደርግልን ይላሉ። አገልግሎቱንም ለማቆም ሰበብ የሚፈልግ አለቃ አይጠፋም፤ ከግቢው ክሊኒክ ጋር ይቀላቀል የሚል ወሬ ቀድሞም ነበር። ስለዚህ ሕክምናውን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ማንም አያየኝም ባልኩበት ሆስፒታል ጀመርኩ። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ አወርዳለሁ፤ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ።

ሐኪሟ የኔ እኩያ ናት። ብዙ ነገር ጠየቀችኝ፤ በባለሙያ አፍ አሳምሬ መለስኩላት። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አለመኖርን ተመኝተው ያውቃሉ? ራስዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

ይህን ጥያቄ ለበጎ ፈቃደኞቻችን የማስተምረው እኔ ነኝ። በግልጽ ጠይቁ እላቸዋለሁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ላይ አይፈጥርም፤ ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ፣ ዝምታውን በወሬ አትሙሉት። ሐኪሟም ዝም አለች። እኔ ከዚያኛው ወገን ሆኜ የኖርኩበት ዝምታ ከዚህኛው ወገን ሲቀመጡበት ምን ያህል እንደሚረዝም ያኔ ነው የገባኝ። አዎ አልኳት። አዎ ስል ያለቀስኩት ለቅሶ ከጫካው ቀን ጀምሮ የታመቀ ነበር። በፈቃዴ ደረጀን አስጠራችው፤ ለሆዴ የመጣሁ መስሎት መኪና ውስጥ ሲጠብቀኝ ነበር። ምን እንደሆንኩ፣ ቤት ውስጥ ምን መጠንቀቅ እንዳለበት አስረዳችው። ሕመሙ ከድንጋጤ ጋር የመጣ ድብርት ነው፤ ከጅማሬው ቢታወቅ ኖሮ ይቀል ነበር፤ አሁንም ይታከማል አለች።  ወደ ቤት ስንመለስ ደረጀ መኪናውን ዳር አቁሞ አለቀሰ። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ ያየሁት በእናቱ ቀብር ብቻ ነበር።

«እኔ እኮ ሆድሽን ነው ያልሽኝ» አለኝ።

መድኃኒቱ ወዲያው አይሠራም፤ ይህን ለሚጀምር ሰው ሁሉ አጥብቄ እነግራለሁ። መጀመሪያ ላይ አፍ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ የባሰብህ ያስመስላል። በየሳምንቱም ከሐኪሟ ጋር እነጋገራለሁ። የመሻሉ ምልክት ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ጠዋት ስነቃ ነግቷል። ደረጀ ቀድሞኝ ተነስቶ ሊዲያን ቁርስ ያበላል። ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ ርቦኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጾም መጣ፤ ትልቁ ጾም። እናቴ እንጦጦ፣ ከኪዳነ ምሕረት በታች ነው የምትኖረው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ያገለገለች ሴት ናት። የመጣብኝን ስነግራት አልደነገጠችም፤ ጸበል እንድጠመቅ ብቻ ለመነችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ እዚያ ልቤ ያርፋል። የተሳሳትኩት በሌላ ነው። ኪኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከቀትር በፊት እህል ውኃ አልቀምስም ብዬ ወደ ማታ አዛወርኩት። ማታ ስወስደው እንቅልፍ ነሳኝ። እንቅልፍ ሲነሳኝ አንዱን ቀን ዘለልኩ፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ ፋሲካ ሲደርስ እቀጥላለሁ እያልኩ ተውኩት። መድኃኒት አቋርጦ የመጣን ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሴት ነኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ያ ባር ባር የሚለው ነገር ተመለሰ፤ በሁለት እጥፍ ተመለሰ። ሊዲያ በር ከፍታ ስታየኝ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

እናቴ የንስሐ አባቴን ይዛ ቤቴ መጣች። እግዜር ተቆጥቶኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ስለ ኪኒኑ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አዘኑ።

«መድኃኒትሽን ትተሽ ስትጾሚ የጾምሽው ጤናሽን ነው። ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ። ጾሙን እኔ ፈትቼልሻለሁ።»

ሐኪሟ ጋ በፍጥነት ተመለስኩ፤ መድኃኒቱ ከትንሽ መጠን እንደገና ተጀመረ። እዚያ እንደወትሮዬ ነጠላዬን አውርጄ የተራ መጠበቂያው ክፍል ስገባ ነው እንግዲህ የፈራሁት የደረሰብኝ። ክፍሉ ሞልቷል፤ መቀመጫ የለም። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት ቀና ብሎ አየኝ፤ ተነሳ።

«ኖር ቲቸር፣ እዚህ ይቀመጡ።»

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ነው። ወደዚህ ሆስፒታል የላክሁት ራሴ ነኝ፤ ቀጠሯችን ይገጥማል ብዬ ግን አላሰብኩም። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ በደንብ ያደገ የሰው ልጅ ታላቁን ሲያይ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እሱ ሲነሳ ማን እንደሆንኩ የማያውቁ ሌሎችም አክብረው ተነሱ። መደበቅ የፈለግኩት ሴት በክፍሉ ሙሉ ሰው ፊት ከበሬታ ተቀብዬ ቆምኩ። በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ አልኩት። ከዚያ ሳይጠይቀኝ ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው አልኩ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። እፎይታው ሳያልቅ ካርድ የምትጠራው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ስሜን ከነአባቴ ጠራች።

ልጁ ለአንድ የዶርም ጓደኛው ብቻ ነው ያወራው፤ በኋላ መጥቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠይቆኛል። ነገሩ ግን በሁለተኛው ቀን የተማሪዎቹ ቴሌግራም ላይ ነበር። አንዱ የምክር ኃላፊዋ ራሷ አብዳለች ብሎ ጻፈ። ሌላው ዕውር ዕውርን ሲመራ አለ፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረበት። ቢፍቱ እንዳላየው ስልኬን ልትቀማኝ ሞክራ ነበር፤ ቀድሜ አንብቤው ነበር። የተማሪዎች ዲኑ አስጠራኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የፈራው ለክፍሉ ነው። ጥቂት እረፍት ውሰጂ፣ እኛ የጨጓራ ሕመም ነው ብለን እናስተባብላለን፣ ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለሌለ ማንም ምንም አይልም አለኝ።

«ጨጓራ ተብዬ ስታከም ከርሜ ነው እዚህ የደረስኩት» አልኩት። «ሁለተኛ ጨጓራ አይዘኝም።»

እንዲህ ያልኩት ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ከቢሮው ስወጣ ግድግዳ ይዤ ነው የወረድኩት። ማታ ለተማሪዎቹ ቴሌግራም የሚሆን መልእክት ስልኬ ላይ ጻፍኩ፦ እውነት ነው፤ የድብርትና የድንጋጤ ሕመም አለብኝ፤ እየታከምኩ ነው፤ ቢሮዬ ክፍት ነው። ለደረጀ ሰጠሁት። አንብቦ አንብቦ አንድ የተገደፈ ፊደል አስተካከለልኝና መለሰልኝ። ላኪው ማለቱ ነው። ላክሁት።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ቀጠሮ የነበራቸው ሦስት ልጆች ፈተና አለብን ብለው መልእክት ላኩ፤ ፈተና እንደሌለ አውቃለሁ። በማግስቱም ማንም የለም። በሬን ገርበብ አድርጌ ተቀምጬ የሰው ጫማ ድምፅ ስሰማ ቀና እላለሁ፤ ድምፁ መጥቶ ያልፋል። ቢፍቱ ሻይ ይዛ ትመጣለች፣ አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን አግዳሚው እንዲህ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ራሷ ወጥታ ተቀመጠችበት። ያን ሳይ አለቀ አልኩ። የፈራሁት ሁሉ ልክ ነበር። ታምሜ ሳለሁ ይመጡ የነበሩ ልጆች መታከም ስጀምር ሸሹኝ፤ ከነሱ ውስጥ ደግሞ መምጣት የሚገባው፣ ያልመጣ፣ ዛሬ አንድ ቦታ ብቻውን የተቀመጠ ይኖራል። ከሕመሜ ሁሉ የከፋው ሐሳብ ይህ ነበር።

በበነጋው ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የገባው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ የአምስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። ተቀመጥ አልኩት፤ አልተቀመጠም። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ስለኔ ሰምቶ እንደመጣ ተናገረ። ሊሰድበኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

«ቲቸር፣ አባቴ በዚህ ሕመም ነው የሞተው። አጎቴም ቤት ታስሮ ነው ያለው። እኔም ከዓምና ጀምሮ እያመመኝ ነው» አለ። «የታመመ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የተሻለው ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እርስዎን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ምን ልበለው? ድኛለሁ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ግን የዚያን ጠዋት ኪኒን ማሸጊያ አለ፤ ሌሊቱንም በደንብ አልተኛሁም።

«ገና ነኝ» አልኩት። «እየተሻለኝ ነው።»

አየኝ፤ ከራሴ እስከ እግሬ አስተውሎ አየኝ።

«እሱም ይበቃኛል» አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።